ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉት ባለሥልጣን

«ካፊያ» የተባለውን ጋዜጣ ሠላሳ አንድ ዓመት በዋና አዘጋጅነት መራሁ። ጡረታ ስወጣ አንድ አሳታሚ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ትዝታህን ጻፍልኝ። ስም ግን እንዳትደብቅ፤ ስም የሌለበት ትዝታ ማንም አያነበውም» አለኝ። እሺ አልኩት። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ሰዎች በስማቸው ይጠራሉ፣ ከአንድ ሰው በስተቀር። ያ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ እስከ መጨረሻው ያንብብ። አያገኘውም፤ ግን ያንብብ።

አገራችን ደሴት ናት፤ ዝናብ አይጠፋባትም። ሦስት ቀን ሙሉ ካልዘነበ ጎረቤት ለጎረቤት «ምን አጥፍተን ይሆን?» ይባባላል። ምክር ቤታችን ጣሪያ የለውም። ይሠራለት ተብሎ ከተወሰነ መቶ አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ቀለሙ ላይ ግን እስካሁን ስምምነት አልተደረሰም። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ የተናደደ አባል ባርኔጣውን ቢወረውር ማዶ ያለውን ሰው እንዳይመታ ተደርጎ የተለካ ነው። ከአንደኛው ወንበር በላይ አሥራ ሁለት ዘንግ ያለው ትልቅ ጃንጥላ ተዘርግቷል፤ ከሌላኛው በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ከጃንጥላው ሥር የሚቀመጡት ደረቆቹ ይባላሉ፤ ማዶ ያሉት ደግሞ እርጥቦቹ። የጃንጥላውን እጀታ የሚይዘው ሰው የአገሩ መሪ ነው፤ ማዕረጉም ባለጃንጥላ ይባላል። በየአራት ዓመቱ ሕዝቡ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲሰለቸው ደረቆቹ ይረጥባሉ፣ እርጥቦቹ ይደርቃሉ። ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ በሁለቱም ጊዜ ዝናብ ላይ ነው።

የምተርከው በክቡር ልሳኑ ዘመን የሆነውን ነው። ልሳኑ የደረቆቹ መሪና ባለጃንጥላ ነበር። መልከ መልካም፣ ንግግር አዋቂ፣ ስሙ ሲጠራ ደስ የሚለው ሰው ነበር። የልሳኑ አደባባይ ነበረን፣ የልሳኑ ቧንቧ ነበረን፣ አንድ ደረጃ ብቻ ያለው የልሳኑ መወጣጫም ነበረን። ሚኒስትሮቹም ከእሱ ተምረው ስማቸውን ያልለጠፉበት ነገር አልነበረም። በእኛ ሰፈር ጥግ ማንም ሳይቆፍረው ዝናቡ ራሱ የሠራው ኩሬ በንግድ ሚኒስትሩ ስም ተሰይሞ ሪባን ተቆርጦለታል። እኔም በቦታው ተገኝቼ ዘግቤአለሁ።

እነዚሁ ሰዎች ለጋዜጣ ሲናገሩ ግን ስማቸው እንዲወጣ አይፈልጉም። ቢሮዬ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ነበር፤ የጓሮ ደረጃው የሚያልፈውም በፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ሳይስተካከል የሚያልፍ ሰው አይወድም። ስለዚህ አንድ ሚኒስትር ወሬ ይዞልኝ ተደብቆ በጓሮ ሲመጣ ተስተካክሎ ነው የሚመለሰው። ማክሰኞ ማክሰኞ ልሳኑ ራሱ ይመጣና ስለ ሚኒስትሮቹ ክፉ ክፉውን፣ ስለ ራሱ ደግሞ ደግ ደጉን ይነግረኛል። ረቡዕ ሚኒስትሮቹ ይመጡና በተራቸው እሱን ያሙልኛል። ሁሉም ሲጨርሱ «ስሜ እንዳይጠቀስ» ይላሉ። እኔም «ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ ባለሥልጣን እንደገለጹት» ብዬ እጽፋለሁ። ከነምክትሎቻቸውና ከእርጥቦቹ ከሚመጡት ጋር አርባ ያህል ነበሩ። አርባውም የሚጻፉት በዚህችው አንድ መስመር ነበር። በሙያችን የታወቀ አጻጻፍ ስለሆነ አንባቢውም የሚያውቀው መስሎኝ ኖሬአለሁ።

ምርጫው ሃያ ስድስት ቀን ሲቀረው አንዲት ሴት መጣች። በፊት ለፊት በር ስለገባች ማንም አላያትም። ረጅም ናት፤ ግራ እግሯን ትንሽ ታነክሳለች፤ ከቦርሳዋ የሽምብራ ቆሎ እያወጣች ትቆረጥማለች። ስለ ጠፋ ጃንጥላ ማስታወቂያ ላወጣ ነው ብላ ተቀመጠች።

«ምን ዓይነት ጃንጥላ ነው የጠፋብዎ?» አልኳት።

«የጠፋብኝ ነገር የለም» አለች በሩን ዞር ብላ አይታ። «የድልድይ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው የምሠራው። የመሃል ድልድይ ሦስተኛው ምሰሶ ተሰንጥቋል።»

የመሃል ድልድይ ከተማችንን ለሁለት በሚከፍለው ወንዝ ላይ ያለ ብቸኛ መሻገሪያ ነው። ልሳኑ መግቢያው ላይ ስሙ ያለበት ሰሌዳ ሰቅሎበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው ሁሉ በእሱ ላይ ያልፋል። እኔም ወደ ቤቴ የምመላለሰው በእሱ ነበር።

«ትንሽ ስንጥቅ ይሆናል» አልኳት፤ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው።

«ክንዴ እስከ ክርኔ ገብቶበታል። ለክቼው ነው የመጣሁት።»

«መሐንዲሶቹ አያውቁም?»

«እንዴት አያውቁም! ከስድስት ወር በፊት ጽፈው ለክቡር ልሳኑ ልከዋል። እሳቸውም ‹ከምርጫው በኋላ ይታይ› ብለው ፈርመውበት ተመለሰ። መዝገብ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።» ከቆሎው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ፊርማውን አውቀዋለሁ፤ በየቧንቧው ላይ ያለው ነው።

«ስሜ ከታወቀ ወደ መብራት ቤት ነው የሚልኩኝ» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ቆሎ መቆርጠሙን ግን ተወችው።

መብራት ቤት ማለት ከደሴቲቱ ጫፍ፣ ባሕር ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ የቆመ፣ ለመርከብ ብርሃን የሚያሳይ ግንብ ነው። በሕጋችን የመንግሥትን ምስጢር ያወጣ ሰው ዕድሜ ልኩን እዚያ ይቀመጣል። ሕጉ ጨካኝ ነው አይባልም፤ ማውራት የለመደ ሰው እንዳይቸገር ተብሎ የባሕር ወፎች ተፈቅደውለታል።

በሙያችን አንድ መሐላ አለ። አዘጋጅ ምስጢር የነገረውን ሰው ላለመክዳት ቃል ሲገባ ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ድረስ የማተሚያ ቀለም ውስጥ ይነክራል። ቀለሙ አንድ ወር አይለቅም። በዚያ ወር አዘጋጁ ምስጢር የነገረው ሰው እንዳለ አገር ሁሉ ያውቃል፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ምስጢር ለመጠበቅ እንዲህ በሩቅ የሚታይ መሐላ ለምን እንደተመረጠ የቀደሙን ሰዎች ጽፈው አልተዉልንም። ሚኒስትሮቹ ይህን መሐላ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እንዲያውም ሰው ቢገምትላቸው ደስ ይላቸው ነበር። ለእሷ ግን ሳትጠይቀኝ ወደ ማተሚያው ክፍል ወስጃት እጄን ነከርኩ።

እጄን አይታ፣ «ይለቃል?» አለችኝ።

«ከወር በኋላ ይለቃል።»

«መሐላውስ?»

«እሱ አይለቅም» አልኳት።

ዜናው በማግስቱ ወጣ። «የመሃል ድልድይ ሦስተኛ ምሰሶ ተሰንጥቋል። ባለጃንጥላው ይህን ካወቁ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ሰው ሳያልቅ ድልድዩ ይዘጋ፣ ሲሉ ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ ባለሥልጣን አሳሰቡ።» የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብዬ ብጽፍ ስለሚያገኟት ባለሥልጣን አደረግኳት። በሃያ ዓመት አገልግሎቷ ያገኘችው የደረጃ እድገት እሱ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ መንግሥት መግለጫ አወጣ። የተሰነጠቀው ምሰሶው ሳይሆን ውኃው ላይ ያረፈው ጥላው ነው፤ ጥላውም በቅርቡ ይጠገናል ይላል መግለጫው። ሕዝቡ ይህን ሰምቶ መሻገሩን ቀጠለ። እኔ ድልድዩ ጋ ሰው ይሰበሰባል፣ ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ፣ መቶ አሥራ አራት ደብዳቤ ደረሰኝ። ድልድዩ ይዘጋ የሚል አንድም አልነበረበትም። የመጀመሪያው ከአንዲት ዓሣ ሻጭ የመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ለመሆኑ እኒህ ስማቸው እንዲጠቀስ የማይፈልጉት ባለሥልጣን ማን ናቸው? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጋዜጣችሁ ላይ አነባቸዋለሁ። ስለ ቀረጡም የነገሩን እሳቸው፣ ስለ ጨው መጥፋትም እሳቸው፣ አሁን ደግሞ ስለ ድልድዩ እሳቸው። ኩሬ እንኳ በስሙ በሚያስመርቅ ሹም መካከል ስሜን አታንሱብኝ የሚል ትሑት ሰው አለን? ዕድሜ ይስጥልን። እባካችሁ የምንመርጣቸው እንዴት እንደሆነ ንገሩን።»

የቀሩት መቶ አሥራ ሦስቱም ይህንኑ የሚሉ ነበሩ። ጋሽ መርጊያ የሚባል አራሚ ነበረን፤ በዕድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ፈገግ ሲል ያየው ሰው የለም። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«አንድ ሰው መስሏቸዋል» አለኝ።

«እኔም እንደዚያ ነው የገባኝ።»

«እርማት እናውጣ።»

«ምን ብለን?»

«አርባ ናቸው፤ የሚበዙት ውሸታሞች ናቸው ብለን ነዋ።»

እርማቱን እኔው ጻፍኩት፤ ለረቡዕ እትም አዘጋጀነው። ማክሰኞ ግን ልሳኑ መጣ። ፀጉሩ ገና በወጉ ተስተካክሎ የጀርባው ብናኝ አልተራገፈም። አልተቀመጠም።

«እጅህን አሳየኝ» አለ።

ጓንት አድርጌ ነበር። አወለቅኩት።

«ማን ነው?»

«ክቡርነትዎ፣ እጄን አይተውታል እኮ።»

«አይቼዋለሁ። እንግዲያው ስማኝ። ያ ወረቀት ያለበት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ይሠራሉ። ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው። እስከ ሐሙስ ሳምንት ስሙን ካልነገርከኝ አሥራ አንዱንም ወደ መብራት ቤት እልካቸዋለሁ። ቤቱ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ እንግዲህ ተጣበው ይኖራሉ።» ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን ከጨረስን፣ ስለ ንግድ ሚኒስትሩ አንድ የምነግርህ ነገር አለ። ስሜ እንዳይጠቀስ።»

ማክሰኞ ነበርና ጻፍኩ።

እሱ ከሄደ በኋላ በሩን ቆለፍኩ። ፈሪ ሰው ነኝ፤ አዘጋጅ የሆንኩትም ሌላው ሲናገር እኔ ከበስተኋላ ሆኜ መጻፍ ስለሚቀለኝ ነው። የሴትየዋን ስም ብናገር አሥሩ ይድናሉ፤ ዝም ብል አሥራ አንዱም ያልቃሉ። በሁለቱም መንገድ ድልድዩ እንደተሰነጠቀ ይቀራል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

የልሳኑ ዛቻ መዝገብ ቤት ደርሶ ኖሮ፣ ሐሙስ ዕለት ሴትየዋ በፊት ለፊት በር ገባች። ቆሎ አልያዘችም።

«ራሴን ልሰጥ ነው» አለችኝ። «አሥሩ ቤተሰብ አላቸው። አንደኛው ገና ከሠርጉ ሁለት ወር አልሞላውም። እኔን የሚጠብቀኝ የለም።»

«ይህን ለእኔ አይንገሩኝ።»

«ለማን ልንገር ታዲያ? ትናንት ደግሞ ሄጄ አይቼዋለሁ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ገባ። ሰዉ ከላዬ ሲራመድ ድንጋዩ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።»

«የሰጡን ቀን ሳምንት አለው» አልኳት። «እስከዚያ ይጠብቁኝ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

አላውቅም ነበር፤ እንደማላውቅም ነገርኳት። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» ብላኝ ወጣች። ባትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ሲያምነኝ እጨነቃለሁ።

በመስኮት እያየኋት ስትሄድ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ካለው የደብዳቤ ክምር ላይ አረፈ። ረቡዕ ሊወጣ የነበረው እርማት በልሳኑ ምክንያት ተረስቶ እዚያው ነበር። አነሳሁትና ቀደድኩት። ጋሽ መርጊያን ጠርቼ፣ «ደብዳቤዎቹን በሙሉ እናውጣቸው» አልኩት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከነፊርማቸው።»

«የሌለ ሰው ልታነግሥብን ነው?»

«እኔ የአንባቢ ደብዳቤ ነው የማወጣው።»

ጋሽ መርጊያ እጄን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ሥራውን ጀመረ። በዚያ ሳምንት አንዲት የውሸት ቃል አልጻፍኩም፤ ይህን በኩራት እናገራለሁ። ደብዳቤ ብቻ ነው ያወጣሁት። ደብዳቤ ደግሞ ደብዳቤ ያመጣል። በሦስተኛው ቀን ማተሚያውን በወንበር ደግፈን ስድስት ገጽ ጨመርን። የሰሜን ሰፈር ነዋሪዎች ለባለሥልጣኑ ሐውልት አሠሩላቸው፤ መልካቸውን የሚያውቅ ስላልነበረ መቆሚያውን ብቻ ሠርተው መረቁት። አንዲት የወታደር ሚስት ወንድ ልጅ ወልዳ «አይጠቀሴ» አለችው። በምርጫችን ድምፅ ሰጪው የሚፈልገውን ሰው ስም በእጁ ይጽፋልና፣ ሰዉ «ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉት» ብሎ መጻፍ መለማመድ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን እየጠየቀ ባደረገው ቆጠራ ከመቶው ስድሳ ሁለቱ የሚመርጡት እሳቸውን ነው። በአገራችን ከዚህ የበለጠ የሚታመን ጥናት የለም፤ ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው አይዋሽም ይባላል።

መጀመሪያ የመጣችው የእርጥቦቹ መሪ ወይዘሮ ትብለጥ ናት። ከባርኔጣዋ ውኃ እየተንጠባጠበ ተቀመጠች።

«ወንድሜ ንጋቱ፣ ስለ ጨው መጥፋት የነገርኩህ እኔ ነበርኩ አይደል? ታዲያ ያ ሰው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«በከፊል» አልኳት።

«በከፊሌ ልመረጥ እችላለሁ?»

«ሕዝቡ አንድ ሰው ነው ብሎ ነው የሚያምነው። እኔ ነኝ ያለ ሰው የተባለውን ሁሉ ነው የሚሸከመው። የድልድዩን ጭምር።»

ትብለጥ ጎበዝ ሴት ናት። ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አየች፤ ጣሪያ ያለው ቤት ብርቅ ይሆንባታል። ከዚያ የድልድዩ ዜና ያለበትን እትም ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ሚኒስትሮቹ ተከተሉ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተሰልፈው ዋሉ። እያንዳንዱ ወደ እኔ ወጥቶ «አሁን ስሜን ብትጠቅስ አይከፋኝም» ይለኛል። እኔ ጥቁሩን እጄን አሳይቼ «መሐላ አለብኝ፤ የማንንም ስም አላወጣም» እለዋለሁ። ሁለተኛ ጊዜ የተመለሱት ፀጉራቸው አልቆ ተላጭተው ወጡ። ሰኞ ዕለት ከአሥራ ሁለቱ ሚኒስትሮች ዘጠኙ መላጣ ነበሩ፤ ሕዝቡም አዲስ የአለባበስ ደንብ የወጣ መሰለው።

ማክሰኞ ልሳኑ መጣ። ቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ስሙን ሊጠይቀኝ የመጣ መሰለኝ። እሱ ግን እየሳቀ ነበር።

«ንጋቱ፣ ሕዝቡ ለካ ይወደኛል!»

«ክቡርነትዎ?»

«ያ ሰው እኔ ነኝ እኮ! በየማክሰኞው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚነግርህ ማን ነው? አንተው ራስህ ምስክሬ ነህ።»

«ከነገሩኝ ሰዎች አንዱ እርስዎ መሆንዎን አልክድም።»

«አንዱ? ሌላ አለ?»

«አሉ።»

«ሕዝቡ ስንት ናቸው ነው የሚለው?»

«አንድ ነው የሚለው።»

«አንድ ካለ አንድ ነው። ሕዝብ ይሳሳታል እንዴ?»

እዚህ ላይ ኅሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ። ወጥመድ ውስጥ ሲገባ የሚታይ ሰው ጠላት ቢሆንም ያሳዝናል። «ክቡርነትዎ፣ ሰውየው የተናገረው ብዙ ነው» አልኩት። «እኔ ነኝ ካሉ ሁሉንም ነው የሚወስዱት። የሚስማማዎትንም የማይስማማዎትንም።»

«ሁሉንም እወስዳለሁ! ነገ በምክር ቤት አውጃለሁ። ስሜን ጥቀስ፣ በትልቁ ጥቀስ!»

«የመዝገብ ቤቱ ሰዎችስ?» አልኩት።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሐሙስ ብዬሃለሁ፤ ሐሙስ ይሄዳሉ። ያንን የድልድይ ወሬ ያወጣውን ሰው አልምርም።»

ሁለቱ ጉዳዮች አንድ መሆናቸውን አላየም። አንድ ጊዜ አስጠንቅቄዋለሁና ሁለተኛ አልጨመርኩም።

ረቡዕ ዝናቡ እንደ ልማዱ ይወርድ ነበር። የጋዜጠኞች ቦታ ከእርጥቦቹ በኩል ስለሆነ ማስታወሻዬን ካፖርቴ ውስጥ ደብቄ ተቀመጥኩ። ከሕዝቡ ወንበር ጫፍ ላይ ሴትየዋን አየኋት። ትንሽ ሻንጣ አጠገቧ አስቀምጣለች። ለመብራት ቤት የሚሆን ልብስ መሆኑ ገባኝ።

ልሳኑ የጃንጥላውን እጀታ ለንግድ ሚኒስትሩ ሰጥቶ ተነሣ። «ወገኖቼ!» አለ። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ደብቄ አገለገልኳችሁ። ስሜ እንዲነሣ አልፈለግኩም፤ ትሕትናዬ አልፈቀደልኝም። ዛሬ ግን ፍቅራችሁ አሸነፈኝ። ያ ሰው እኔ ነኝ!»

ደረቆቹ ጮኹ። መላጦቹ ሚኒስትሮች ባርኔጣቸውን ወረወሩ፤ ማዶ አልደረሰም። ትብለጥ ሁሉም ጸጥ እስኪል ጠብቃ ተነሣች።

«ክቡርነትዎ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ያ ሰው የተናገረውን ሁሉ የተናገሩት እርስዎ ነዎት?»

«ሁሉንም!»

«አንድም የማይቀበሉት የለም?»

«ሁሉንም አልኩ እኮ፣ ወይዘሮ!»

ትብለጥ ከቦርሳዋ ጋዜጣውን አወጣች። በዚያ ወንበር ላይ ደረቅ ሆኖ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር ነው። «የመሃል ድልድይ ሦስተኛ ምሰሶ ተሰንጥቋል» ብላ አነበበች። «ባለጃንጥላው ይህን ካወቁ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ሰው ሳያልቅ ድልድዩ ይዘጋ።»

ከማዶ ሆኜ የልሳኑን ፊት አየሁት። አልተናገርኩም ቢል ያ የተወደደ ሰው እሱ አይደለም፤ አዎ ቢል የተደበቀው ሁሉ እውነት ነው። ስድሳ ሁለት ከመቶ የሚያህል ፍቅር ደግሞ በሕይወቱ አግኝቶ አያውቅም። ፍቅሩን መረጠ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የተናገርኩት!» አለ። «ያንን ባለጃንጥላ ስንት ጊዜ ለመንኩት! አልሰማኝም! ለምርጫው ሲል የሕዝቡን ነፍስ ናቀ!»

ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ራሱን ከሰሰ። ያን ቀን የተናገረውን ያህል አሳምኖ የተናገረበት ጊዜ የለም። ደረቆቹ መሪያቸው ለሚናገረው ሁሉ ማጨብጨብ ስለለመዱ አጨበጨቡ። ትብለጥ ድልድዩ አሁኑኑ እንዲዘጋና ባለጃንጥላው ከሥልጣን እንዲነሣ ሐሳብ አቀረበች፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ልሳኑም እጁን አውጥቷል። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ተነሥቶ፣ ሕግ አክባሪ ሰው ነውና፣ አንድ ወረቀት አነበበ፦ ምስጢሩን ያወጣው ሰው በራሱ አንደበት ስለተገኘ አሥራ አንዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ነፃ ናቸው፤ በክቡር ልሳኑ በራሳቸው ትእዛዝ መሠረትም ምስጢር አውጪው ነገ ሐሙስ ወደ መብራት ቤት ይወሰዳል።

ዞር ብዬ ሳይ ሴትየዋ ሻንጣዋን አንስታ እየወጣች ነበር። ሲዘጋ ማየት ፈልጋ ወደ ድልድዩ ነው የሄደችው።

ከተማው ግን እኔን ሲረግም ሰነበተ። ሰዉ በጀልባ መሻገር ሰልችቶት መስኮቴ ላይ የዓሣ ጭንቅላት ወረወረ፤ ደብዳቤ ከጻፈችልኝ ዓሣ ሻጭ የተገዛ ሳይሆን አይቀርም። በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ በገበያ ሰዓት፣ ሦስተኛው ምሰሶ ተቀመጠ፤ ድልድዩም ሙሉ በሙሉ ወንዙ ውስጥ ገባ። ጀልባ የሚጠብቀው ሕዝብ በሁለቱም ዳር ቆሞ አየ። ከድልድዩ ጋር የወረደው የልሳኑ ሰሌዳ ብቻ ነው። ጋሽ መርጊያ ከአጠገቤ ቆሞ ሳያፍር አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

ልሳኑ እስከ ዛሬ መብራት ቤት ነው። በየማክሰኞው ደብዳቤ ይጽፍልኛል፤ ስለ ባሕር ወፎቹ ክፉ ክፉውን ይነግረኛል። መጨረሻው ላይ «ስሜ እንዳይጠቀስ» ይላል። እዚህ በመጥቀሴ ይቀየመኛል።

ትብለጥ በምርጫው ባለጃንጥላ ሆና ልብሷ በደረቀ በሁለተኛው ቀን አስጠርታኝ፣ «እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው፤ ማን ነበር?» አለችኝ። ቢሮዬ ተመልሼ እጄን እንደገና ነከርኩ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ እጄን ያስነክረኛል። ሚስቴ ንጹሕ ሆኖ ካየችው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፋት።

ባለፈው ወር ረቂቁን ጨርሼ ስሙን ለማልጠራው ለዚያ ሰው ወስጄ አስነበብኩት። አንብቦ ሲጨርስ ተቆጣኝ። «በከተማችን ግራ እግሯን የምታነክስ ረጅም ሴት አለች፤ ምን አጠፋች? ነገ በሯን ሊያንኳኩባት ነው። ውሸት መሆኑን ንገራቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ እነግራችኋለሁ፦ አያነክስም። ረጅምም አይደለም። ሽምብራ ሆዱን ይነፋዋል። ሴት ናት ያልኩትንም አትመኑ፤ አሁን «እሱ» ማለቴንም አትመኑ። ከተናገርኩት ውስጥ የማልነካው ስንጥቁን፣ ክንዱንና ሻንጣውን ነው።

አሳታሚው ዛሬ ጠዋት መጥቶ፣ «እሺ፣ ቢያንስ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል» አለኝ። ተነሥቼ ወደ «ካፊያ» ማተሚያ ክፍል ሄድኩ። ይህን የመጨረሻ ገጽ የጻፍኩት በግራ እጄ ነው። ጠርዙ ላይ ጥቁር ነገር ብታዩ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ብላችሁ እንዳትጽፉልን፤ ቀኝ እጄ ነው።